የአውቶቡስ እጥረት የነጋዴውም ኪሳራ ነው



በዚህ ጋዜጣ ላይ ዘወትር የሚጻፈው ስለ ዕቃ ዋጋ፥ ስለ ቀረጥ፥ ስለ ውጭ ምንዛሪና ስለ ባንክ አሠራር ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ የነጋዴ ጋዜጣ ስለ ንግድ ካልጻፈ ስለ ምን ይጽፋል? ዛሬ የማቀርበው አሳብ ላይ ላዩን ሲያዩት ከንግድ የራቀ ቢመስልም፥ መዝገብ ይዤ በሠራሁባቸው ዓመታት በዓይኔ ያየሁት ኪሳራ ነውና፥ እስከ መጨረሻው ታነቡልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ በመርካቶ በአንድ አስመጪ ነጋዴ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ደብዳቤ እጽፋለሁ፥ የባንክና የጉምሩክ ሰነድ አዘጋጃለሁ፥ የሠራተኞችንም የሰዓት መዝገብ እይዛለሁ። መዝገቡ ሦስት ዓምድ ነበረው፤ ስም፥ የገባበት ሰዓት፥ የወጣበት ሰዓት። የሥራ መጀመሪያችን ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ሲሆን፥ በአንድ ወር ውስጥ አራት ጊዜ ያረፈደ ሠራተኛ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። ማስጠንቀቂያውን አርቅቄ ለፊርማ የማቀርበው እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓመት ለአንዲት ወጣት ገንዘብ ያዣችን ሁለተኛውን ማስጠንቀቂያ ጻፍሁ። ልጅቱ ቁጥር የማትስት፥ ደንበኛ የሚወዳት፥ ሁለት ዓመት ሙሉ ያሠለጠንናት ነበረች። ደብዳቤውን ስሰጣት አላለቀሰችም፥ አልተቆጣችም። «ጋሼ፥ እኔ ያረፈድሁት ከቤቴ ስወጣ አይደለም፤ ከቤቴማ የወጣሁት ሌሊት 11 ሰዓት ነው» ብላ ፈረመች። የምትኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ቃሏ በልቤ ቀረ። መዝገቤን ገልጬ ብመለከት፥ ሰው መቼ እንደ ገባ እንጂ መቼ ከቤቱ እንደ ተነሣ የሚነግረኝ ዓምድ አልነበረም።

ስለዚህ በማግስቱ በእርሳስ አራተኛ ዓምድ አሰመርሁና «ከቤት የተነሣበት ሰዓት» ብዬ ጻፍሁበት። ይህንንም ለአንድ ወር ያህል እያንዳንዱን ሠራተኛ እየጠየቅሁ ሞላሁት። ከ14 ሠራተኞቻችን 9ኙ የሚኖሩት በአዳዲሶቹ ሰፈሮች፥ ማለት በኮዬ ፈጬ፥ በቱሉ ዲምቱ፥ በየካ አባዶ፥ በቦሌ አራብሳና በጀሞ ነው። ወሩ ሲያልቅ ያየሁት ነገር አሳፈረኝ። በሰዓቱ ይገባል ብለን የምናመሰግነው ሠራተኛ አብነት አካባቢ የሚኖርና 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ከቤቱ የሚነሣ ነበር። አርፋጅ ብለን የገሠጽነው ደግሞ ከእርሱ ሦስት ሰዓት ቀድሞ የተነሣው ነበር። እኔ ስንፍና ብዬ የመዘገብሁት የመንገድ ርቀትና የአውቶቡስ መጥፋት ኖሯል።

ይህ የአንድ ሱቅ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እንደሚታወቀው፥ የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሥራ በ1996 ዓ.ም. ገደማ በሙከራ ተጀምሮ፥ በ1997 ዓ.ም. ለቤት ፈላጊዎች ምዝገባ ሲደረግ ከ4 መቶ ሺህ የሚበልጥ ሰው ተመዘገበ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ 10 በ90፥ 20 በ80 እና 40 በ60 በሚባሉት የአከፋፈል ዓይነቶች ምዝገባው እንደገና ተከፈተ። ኪራይ ሲገፋው የኖረ አያሌ ቤተ ሰብ በዚህ ምክንያት የራሱን በር ቁልፍ ይዟል፤ ሥራው የሚያስመሰግን ነው፥ እኔም ከተመሰገኑበት ሰዎች ጋር አመሰግናለሁ። ሆኖም የመሐል ከተማ መሬት እየጠበበ በሄደ ቁጥር ቤቶቹ ወደ ዳር፥ ከዳርም ወደ ዳር ዳር ተሻገሩ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም በኮሪደር ልማት ምክንያት ከመሐል ከተማ የተነሡ ብዙ ነዋሪዎች ወደ እነዚሁ ዳርቻዎች ሄደዋል። ሰው ወደ ዳር ሲወጣ ሥራው ግን በመርካቶ፥ በፒያሳ፥ በሜክሲኮና በቦሌ እንደ ቀረ ነው። ቤቱ ከሥራው ተለየ፤ ሁለቱን የሚያገናኘው አውቶቡስ ግን በልኩ አልተጨመረም።

ባቡር አለ አይደለም ወይ? የሚል ይኖራል። የከተማው ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በእውነት ትልቅ ተስፋ ነበር። ነገር ግን በምሥራቅ በኩል አያት ላይ፥ በደቡብ በኩል ቃሊቲ ላይ ያበቃል። የካ አባዶ፥ ቦሌ አራብሳ፥ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ሁሉ ከእነዚህ መጨረሻዎች ወዲያ ናቸው። ደግሞም ሲጀመር ከገቡት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ ዕቃ እጥረት መቆማቸው በይፋ ተነግሯል። ዕቃ አስመጪ የሆንን ሁሉ ይህን በሚገባ እናውቀዋለን፤ መኪና መግዛት አንድ ነገር ነው፥ ለዓመታት መለዋወጫውን ማቅረብ ግን ሌላ ነገር ነው።

አሁን አውቶቡሱና ታክሲው ለምን ወደ ዳር ሰፈር እንደማይበረክቱ እንመርምር። ነጂዎችን መውቀስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሒሳቡን በነጋዴ ዓይን እንየው። ጠዋት ሰው ሁሉ ወደ መሐል ይጎርፋል፥ ወደ ዳር የሚሄድ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ መኪናው ሞልቶ ገብቶ ባዶውን ይመለሳል። ማታ ደግሞ ሞልቶ ወጥቶ ባዶውን ይገባል። መንገዱ ረጅም፥ የመኪናው ብዛት መንገድ የሚዘጋ ስለ ሆነ፥ አንድ አውቶቡስ ሰው በሚበዛበት ሰዓት ረጅሙን መስመር ደጋግሞ ለመመላለስ አይችልም። ባለ ታክሲው ግን አጭር መስመር ይዞ በዚያው ጊዜ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል፥ በየጊዜውም ያስከፍላል። የከተማው አውቶቡስ ዋጋ ከወጪው በታች ሆኖ ልዩነቱን አስተዳደሩ የሚሸፍነው ስለ ሆነ፥ በእያንዳንዱ ረጅም ጉዞ የሚሸፈነው ገንዘብ ይበዛል። እንግዲህ ከዚህ የተነሣ አውቶቡሱ ይጠፋል፥ ታክሲውም ረጅሙን መስመር ከሁለትና ከሦስት ይቆራርጠዋል። በታፔላው ላይ የተጻፈው መድረሻ አንድ ሲሆን፥ ተሳፋሪው ግን መንገድ ላይ ወርዶ፥ እንደገና ተሰልፎ፥ ሁለተኛ ሒሳብ ይከፍላል። በሠራተኛው ኪስ የደረሰው ይህ ሁሉ በሕግ መጣስ ብቻ የሚፈታ አይደለም፤ ባዶውን የሚመለሰው መኪና ወጪ እስካልተሸፈነ ድረስ ማንም ነጋዴ ቢሆን ያው ያደርግ ነበር።

ክቡራን አንባብያን፥ ይህ ሁሉ ወደ እኛ መዝገብ እንዴት እንደሚገባ ጥቂት ምሳሌ ላቅርብ።

ስለ አስመጪው ልናገር። ሰነድ ይዞ ወደ ባንክ ወይም ወደ ጉምሩክ የሚሄደው ተላላኪ ከመገናኛ ሰልፍ ላይ ሲቆይ፥ ማለዳ መድረስ የነበረበት ወረቀት ከሰዓት በኋላ ይደርሳል። ከሰዓት በኋላ የደረሰ ወረቀት ደግሞ ብዙ ጊዜ ለነገ ያድራል። ሞጆ ደረቅ ወደብ ያለ ኮንቴይነር ለአንድ ቀን ማደሪያ የሚያስከፍለውን አስመጪ ሁሉ ያውቀዋል። ያ ገንዘብ በመዝገብ ላይ «የወደብ ኪራይ» ተብሎ ይጻፋል እንጂ «የአውቶቡስ እጥረት» ተብሎ አይጻፍም።

ስለ ላኪው ልናገር። በቃሊቲና በአቃቂ አካባቢ ባሉት የቡና ማበጠሪያዎች ብዙ ሴቶች ቡና በመልቀም ያድራሉ ይውላሉ። ሲመሽ የሚሳፈሩበት ከሌላቸው ፀሐይ ሳትጠልቅ መሄድ ይፈልጋሉ። የመርከብ ቀን የደረሰበት ላኪ አንድ ሁለት ሰዓት ይጨመርልኝ ቢል፥ ሰው አያገኝም፤ ተጨማሪ ክፍያ ቢሰጥ እንኳ ያ ክፍያ በጨለማ በእግር መሄድን አያካክስም።

ስለ ባለ ሱቁም ልናገር። በዳር ሰፈር የሚኖር ደንበኛ ቀድሞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ መርካቶ ወጥቶ የሳምንቱን ይገዛ ነበር። አሁን ዕቃ ተሸክሞ ሁለት ሦስት ታክሲ መቀያየር ስለ ሰለቸው ከቤቱ አጠገብ ካለው ትንሽ ሱቅ በውድ ይገዛል። ያ ትንሽ ሱቅም ሀብታም አይደለም፤ ዕቃውን የሚያጓጉዝበት ርቆ ስለሚያስወጣው ነው የሚያስወድደው። በየጋራ መኖሪያ ቤቱ ምድር ላይ በጨረታ የተሸጡት የንግድ ቤቶች አንዳንዶቹ ለብዙ ጊዜ ተዘግተው የኖሩት፥ ገዢው በቀን ውስጥ ከሰፈሩ ስለሚጠፋና ከሌላ ሰፈርም የሚመጣ ስለሌለ ነው። መጓጓዣ ሲጠፋ የመሐሉም ነጋዴ የዳሩም ነጋዴ ይከስራሉ፤ ማንም አያተርፍም።

በዚህ አሳብ ላይ ሁለት መልስ ሲሰጥ ሰምቻለሁ። አንደኛው «ቅርብ የሚኖር ሠራተኛ ቅጠር» የሚል ነው። ይህ መልስ ለአንድ ነጋዴ ይሠራ ይሆናል፥ ለሁላችን ግን አይሠራም። በመሐል ከተማ የቤት ኪራይ የሚችል ደመወዝ ለገንዘብ ያዥና ለመጋዘን ሠራተኛ የሚከፍል ማን ነው? ዳር የሚኖረውን አልቀጥርም ካልን የሠራተኛውን አብዛኛውን ክፍል አንቀጥርም ማለታችን ነው። ሁለተኛው «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፥ ነጋዴ ምን አገባው?» የሚል ነው። እውነት ነው፥ የአውቶቡስ መስመር መዘርጋት የከተማው አስተዳደር ሥራ ነው። ነገር ግን ጉዳቱ የሚደርስበት ሰው ጉዳቱን ቆጥሮ ካላቀረበ ሌላው ከየት ያውቀዋል?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፥ በሳምንትም ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። የመንገዱን ሰዓት ግን ማንም አይቆጥረውም። ከቤቱ 11 ሰዓት ሌሊት ተነሥቶ ማታ 2 ሰዓት የሚመለስ ሰው ለእኛ 8 ሰዓት ቢሠራም፥ በመንገድና በሰልፍ ላይ ሌላ ከባድ ሥራ ሠርቶ ነው የሚመጣው። ደክሞ የመጣ ሰው ሚዛን ይስታል፥ ደረሰኝ ያሳስታል፥ ከደንበኛ ጋር ይጣላል። ደመወዙን የምንከፍለው ለሙሉ ጉልበት ሲሆን፥ የምንቀበለው ግን መንገድ የበላውን ትራፊ ነው።

ቀድሞ የነበረውን ብናስታውስ ነገሩ ይበልጥ ይገለጥልናል። በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ በደረሰ ጊዜ በዚያ ሥፍራ ይህ ነው የሚባል ከተማ አልነበረም። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስለ ከበደው በሜዳው ቆመ፤ በጣቢያውም ዙሪያ መጋዘን፥ በመጋዘኑ ዙሪያ ሱቅ፥ በሱቁ ዙሪያ ሰፈር በቀለ። በአዲስ አበባም ለገሃር የሚለው የሰፈር ስም ራሱ በፈረንሳይኛ «ጣቢያው» ማለት ነው። ያን ጊዜ መጓጓዣው ቀድሞ ሰፈሩ ተከተለው። ዛሬ ግን ሰፈሩን አስቀድመን መጓጓዣውን ለዕጣ ፈንታው ተውነው። የመብራትና የውሃ መስመር ያልገባለት ሕንፃ አልተጨረሰም እንደምንል ሁሉ፥ የአውቶቡስ መስመር ያልገባለት ሰፈርም አልተጨረሰም ማለት ይገባናል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በበኩሌ አራት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፥ ምክር ቤታችን ከአባል ድርጅቶች ሁሉ ሠራተኞቻቸው በየትኛው ሰፈር እንደሚኖሩ፥ ስንት ሰዓት እንደሚገቡና እንደሚወጡ ስም ሳይጠቀስ ቁጥሩን ብቻ ይሰብስብ። እያንዳንዱ ጸሐፊ በአንድ ጧት ሊሞላው የሚችል ወረቀት ነው። የተሰበሰበውም ለከተማው ትራንስፖርት ቢሮ ይቅረብ። «አውቶቡስ አነሰን» ብሎ መጮህና «ከዚህ ሰፈር ወደዚህ ሰፈር፥ በዚህ ሰዓት፥ ይህን ያህል ሰው አለን» ብሎ ማቅረብ አንድ አይደለም። ሁለተኛው መስመር ለሚያወጣ ሰው የሚረዳ የሥራ ሰነድ ነው።

ሁለተኛ፥ የአውቶቡስ ብዛት ብቻ ሳይሆን የታወቀ ሰዓት እንጠይቅ። ጥቂት አውቶቡስ እንኳ ቢሆን፥ በዚህ ሰዓት ይነሣል ተብሎ በፌርማታው ላይ ከተለጠፈና ቃሉን ከጠበቀ፥ ሰው ጊዜውን ሊያስተካክል ይችላል። ይልቁንም የመጨረሻው የማታ አውቶቡስ ሰዓት ሊታወቅ ይገባል። የማታው አውቶቡስ ለባለ ሱቅ ከጠዋቱ ይበልጥበታል፤ ገበያው የሚሞቀው ሰው ከሥራ ሲወጣ ስለ ሆነ፥ ሻጮቹ ለመሄድ የሚቸኩሉትም በዚያው ሰዓት ነው።

ሦስተኛ፥ በአንድ መንገድ ላይ ያለን ነጋድያን ተባብረን አንድ መኪና በኮንትራት ብንይዝ ለእያንዳንዳችን የሚደርሰው ወጪ ቀላል ነው። ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው ሰርቪስ ያቆማሉ፤ አምስትና ስድስት ሠራተኛ ያለው ሱቅ ግን ብቻውን አይችልም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፥ አሥር ሱቅ ቢተባበር የአንዱ ሰፈር ሠራተኛ በአንድ መኪና ይደርሳል። በተጨማሪም መጋዘን ውስጥ የሚሠሩትን ማለዳ 1 ሰዓት አስገብቶ 10 ሰዓት ላይ ማሰናበት ይቻላል፤ ደንበኛ የሚያስተናግዱት ብቻ እስከ ምሽት ይቆዩ። ሁሉ ሰው በአንድ ሰዓት ገብቶ በአንድ ሰዓት እንዲወጣ የሚያስገድደን ሕግ የለም፤ ልማድ ብቻ ነው።

አራተኛ፥ ከእኛ መካከል አቅም ያላቸው ቅርንጫፋቸውን ወይም መጋዘናቸውን በእነዚሁ ዳር ሰፈሮች ቢከፍቱ፥ ጠዋት ባዶውን ወደ ዳር የሚመለሰው አውቶቡስ የሚያሳፍረው ሰው ያገኛል። ከላይ እንዳልሁት የችግሩ ሥር ጉዞው በአንድ ወገን ብቻ መሆኑ ነው። በሁለቱም ወገን ሲሆን መስመሩ ራሱን መቻል ይጀምራል። ይህ ለአውቶቡሱ ብቻ ሳይሆን ለነጋዴውም ትርፍ ነው፤ በዚያ ያለው ገዢ ብዙ ነው፥ ሻጩ ግን ገና ጥቂት ነው።

ከእነዚህ በላይ ደግሞ አንድ ነገር በአክብሮት ለሚመለከታቸው ሁሉ አሳስባለሁ። ወደ ፊት አዲስ ሰፈር ሲመሠረትና ዕጣ ሲወጣ፥ ለባለ ዕድሉ የቤቱ ቁጥርና የፎቁ ቁጥር እንደሚነገረው ሁሉ የአውቶቡሱም ቁጥር አብሮ ይነገረው።

ስለ ገንዘብ ያዣችን ሳልናገር አልፈጽምም። አራተኛውን ዓምድ ለአሠሪዬ አቅርቤ ሳሳያቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱትና «ይህን ለምን እስከ ዛሬ አልነገርኸኝም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ማስጠንቀቂያዎቹ እንዲሰረዙ አዘዙ፥ የመጋዘን ሠራተኞቻችንም ማለዳ ገብተው በጊዜ እንዲወጡ ፈቀዱ፤ ይህም ለጥቂቶቹ ጠቅሟል። ለልጅቱ ግን ዘግይቶ ነበር። የመልቀቂያ ደብዳቤዋን ይዛ በመጣች ጊዜ ጠዋቱ እንደ ተቃለለላት ነግሬ ልመልሳት ሞከርሁ። «ጋሼ፥ ጠዋቱን እኔ እችለዋለሁ፤ ማታውን ግን እናቴ አልቻለችም። በየምሽቱ አስፋልቱ ድረስ ወርዳ ስትጠብቀኝ ብርድ መታት» አለችኝ። አሁን በሰፈሯ በአንዲት ትንሽ ሱቅ በግማሽ ደመወዝ ትሠራለች። በእርሷ ቦታ የገባው ሠራተኛ ገና ሥራውን እየተማረ ነው፤ እስኪማር ድረስ የጠፋውን ሒሳብ ማታ ማታ ቁጭ ብዬ የማስተካክለው እኔ ነኝ።

ይህንንም ኪሳራ በየትኛው ዓምድ እንደምጽፈው አላውቅም። ወገኖቼ ነጋድያን ግን ከነገ ጀምሮ በየመዝገባቸው አራተኛውን ዓምድ ቢያሰምሩ፥ ምክር ቤታችን የሚያቀርበው አቤቱታ በቃል ሳይሆን በቁጥር የጸና ይሆናል በማለት አሳቤን እፈጽማለሁ።

ከአንድ የነጋዴ ጸሐፊ